ጅብራ በደብረ ሲና

ቅናት ሌላ ሰው ላይ ሳየው ያስቀኛል፤ ራሴ ላይ ሲመጣ ግን ስሙን እለውጥለታለሁ። «ተበደልኩ» እላለሁ፤ «ሰው ውለታ አያውቅም» እላለሁ። በባሌ ታላቅ እህት፣ በዋርሳዬ የተነሳ የያዘኝን ግን ስሙን ብለዋውጠው አልለወጥ አለኝ። ቅናት ነበር። ያውም እህል የሚዘጋ፣ ጎረቤት ሲስቅ እንኳ «ደግሞ ምን ያስቃታል?» የሚያሰኝ ቅናት።

ነገሩ የጀመረው በአማቴ ስለት ነው። አማቴን እንደ መቐለ ሰው «አደይ»፣ እናቴ፣ ነው የምላቸው። ባሌ ገና ጡት ሳይጥል ኩፍኝ ይዞት ሊሞት ሲል፣ አደይ ቤተ ክርስቲያን ሄደው ቆሙ። ያን ዕለት ቄሱ የሚያስተምሩት ስለ ደብረ ሲና ነበር፤ ሙሴ እዚያ ስላያት፣ እየነደደች ስለማትቃጠለው ቁጥቋጦ፣ እሷም የእመቤታችን ምሳሌ ስለመሆኗ። አደይ አቅማቸውን ሳያመዛዝኑ «እመቤቴ፣ ልጄን ብታተርፊልኝ ደብረ ሲና መጥቼ እሳለምሻለሁ» ብለው ተሳሉ። ልጁ ተረፈ። «እዚሁ ደጃፌ ስንት ማርያም እያለች ግብፅ ድረስ ምን ቀዠበረኝ!» ይላሉ ሲነሳባቸው። ግን ስለት ስለት ነው፤ ወደኋላ አይባልም። ልጅ ማሳደግ መጣ፣ ባል መቅበር መጣ፣ መንገዱ ሲከፈት ገንዘቡ ሲጠፋ፣ ገንዘቡ ሲገኝ መንገዱ ሲዘጋ፣ በመጨረሻ ጉልበታቸው ከዳቸው፤ ዐይናቸውም ፈዘዘ። አሁን መቐለ፣ ሰሜን ክፍለ ከተማ ካለው ቤታችን፣ ከማድቤቱ በመጋረጃ በምትለየው ክፍል አልጋ ላይ ናቸው። ሞትን አይፈሩም። የሚፈሩት ስለታቸውን ሳያደርሱ መሞትን ነው። «ምን ብዬ ፊቷ እቆማለሁ?» ይላሉ፤ ሲሉም ድምፃቸው እንደ ሕፃን ይሆናል።

ያንን ተራራ በየምሽቱ አልጋቸው ድረስ የማመጣላቸው እኔ ነበርኩ። የአማርኛ አስተማሪ ነኝ፤ ማውራት እንጀራዬ ነው። አደይ ደግሞ ባላቸው የመንግሥት ሠራተኛ ሆነው ደሴ ስለኖሩ አማርኛ ይወዳሉ። ከትምህርት ቤት ስመለስ፣ ውሃ መጥታ እንደሆነ ጀሪካኑን ሞልቼ፣ ወጡን ጥጄ፣ አልጋቸው ጫፍ ላይ እቀመጣለሁ። እሳቸውም ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው «በይ ውሰጂኝ» ይሉኛል።

እወስዳቸዋለሁ። ሙሴ የአማቱን በግ ሲጠብቅ እጀምራለሁ። «እሱም እንደኔ አማት ቤት ነበር» ስላቸው ሁልጊዜ ይስቃሉ። ቁጥቋጦዋ ትነዳለች፤ ጫማህን አውልቅ ይባላል። ከዚያ ግብፅ፣ ከዚያ ባሕሩ፣ ከዚያ ሕዝቡን ይዞ ወደዚያው ተራራ መመለስ። ወሰን ይበጃል፤ ሕዝቡ ከሥር ይቆማል፤ ነጎድጓድ፣ ጢስ፣ ጽላቱ፣ የጥጃው ቅሌት፣ ሙሴ ሲወርድ ፊቱ ማብራቱ። አንዳንድ ምሽት ኤልያስን አመጣለሁ፤ ከክፉዋ ንግሥት ሸሽቶ እዚያው ተራራ ላይ ዋሻ ገብቶ ሲያድር፣ ነፋሱ፣ መናወጡ፣ እሳቱ ሲያልፍና በመጨረሻ ያ ቀጭን ድምፅ ሲመጣ። አደይ እዚህ ላይ ትንፋሻቸውን ይይዛሉ።

መቼም እኔም ተራራውን አላየሁት። የማውቀው ተራራ የአገሬን ነው። የሰሜን ሸዋዋ የደብረ ሲና ከተማ ልጅ ነኝ፤ ከበላያችን ጣርማ በር አለ፣ ጉም አለ፣ ጅብራ አለ። ጅብራ መቐለ አይታወቅም፤ ብርድ ቦታ የሚበቅል፣ ከሰው በላይ የሚረዝም፣ ብቻውን ቀጥ ብሎ የሚቆም ተክል ነው። እኔም ተራራው ባዶ እንዳይሆንብኝ ጅብራ ተከልኩበት። «ኤልያስ ከዋሻው ብቅ ሲል ጅብራው ጉም ውስጥ እንደ መነኩሴ ቆሞ ይጠብቀዋል» እላለሁ። አደይ ጅብራውን በጣም ይወዱታል። አንድ ቀን ብዘለው «መነኩሴውስ?» ብለው ይጠይቁኛል።

ዋርሳዬ በዚህ ሁሉ ጊዜ ደጃፉ ላይ ዱካ ስባ ታዳምጣለች። ከተማ ውስጥ የጨርቅ ሱቅ አላት። ሱቋን ዘግታ እናቷን ልታይ ስትመጣ እኔ ወሬው መሃል ላይ ነኝ፤ እናቷም እጃቸውን ያወዛውዙባታል፣ «ቆዪ አንዴ» ማለታቸው ነው። እሷም ትቀመጣለች። ምን እንደሚሰማት ጠይቄያት አላውቅም፤ ምን ቸገረኝ፣ አዳማጭ በዛልኝ ብዬ ደስ ይለኝ ነበር።

ኋላ እሷ ኢየሩሳሌም ከሚሳለሙ ሰዎች ጋር ለመሄድ ተነሳች፤ ጉዞው ደብረ ሲናንም ይጨምራል ተባለ። ቤቱ ተናወጠ። የአደይ የንስሐ አባት ተጠሩና «ራሳቸው ካልቻሉ ከአብራካቸው የወጣ ያድርስላቸው፤ ነጠላቸውን ይዞ ሄዶ ይሳለምላቸው» አሉ። ባሌ እንደሆነ አውሮፕላን ስሙ ሲጠራ ላብ ያጠምቀዋል። እኔ ደግሞ ከአብራካቸው አልወጣሁም። አደይ ከራሳቸው ላይ ነጠላቸውን አውልቀው ለልጃቸው ሰጡ፤ እኔ አልጋው ጫፍ ላይ፣ እዚያው ቦታዬ ተቀምጬ አየሁ። ተናደድኩ። ተራራውን ስንት ምሽት በአፌ ተሸክሜ ያመጣሁት እኔ፣ ነጠላው ለእሷ! ደብረ ሲና የተወለድኩት እኔ፣ ደብረ ሲናን የምታየው እሷ! ቀን የሰጠው ቅል ድንጋይ ይሰብራል አሉ።

በሰላም ሄዳ በሰላም ተመለሰች። አውሮፕላን ማረፊያ ሄደን ተቀበልናት፤ ቤቱ በሰው ሞላ፣ እልልታው ቀለጠ። አደይ ደግፉኝ ብለው ተቀመጡና «እግርሽን አምጪ ጓለይ፣ ልጄ» አሏት። እሷ ወደኋላ አለች። እግሯ አብጦ ነበር፣ ከጉዞው ነው አልን። «አምጪ እንጂ! ያንን ጫፍ የረገጠ እግር እኮ ነው!» ብለው ጎትተው ሳሙት፤ ግራውንም ቀኙንም። ዋርሳዬ አለቀሰች። ሰው ሁሉ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ፣ ግን የኔ እንባ ሌላ ነበር። የእኒህን ሴትዮ እግር በየሳምንቱ የማጥበው እኔ ነኝ፤ የኔን እግር ማን አየው?

ከዚያ በኋላ ምሽቱ ተወሰደብኝ። አደይ «በይ ውሰጂኝ» የሚሉት እሷን ሆነ። እሷ በትግርኛ ትተርካለች፤ ቋንቋው የራሳቸው፣ ልጅቷ የራሳቸው፣ ተራራውም በዐይን የታየ። እኔ ማድቤት ሽንኩርት እከትፋለሁ። ባሌ ገብቶ «ምነው ዐይንሽ?» ሲለኝ «ሽንኩርቱ ነዋ!» ብዬ ጮኽኩበት። ኤልያስ እዚያ ተራራ ላይ «ምን ታደርጋለህ?» ተብሎ ሲጠየቅ የመለሰው «እጅግ ቀንቼ ነው» ብሎ አይደል? አምላክም ራሱ እዚያው ላይ «ቀናተኛ ነኝ» ብሏል። ይኸው፣ የተራራው ወግ ነው እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። ኤልያስ የቀናው ለአምላኩ ነው፣ የኔ ለራሴ ነው፤ ልዩነቱን አላጣሁትም፣ አስተማሪ ነኝ።

አንድ ምሽት እንደዚሁ ከመጋረጃው ወዲህ ሆኜ ስሰማ፣ ዋርሳዬ በወሬዋ ጫፉ ላይ ደርሳ ነበር። ጸሐይ ልትወጣ ስትል፣ ነፋሱ ሲነፍስ። «አደይ፣ ጉሙ ከእግራችን በታች ሆነ። ከዋሻው አጠገብ ደግሞ ጅብራ አለ፤ እንደ መነኩሴ ቀጥ ብሎ ቆሟል።»

ቢላዋው ከእጄ ወደቀ።

ጅብራ? በበረሃ ተራራ ላይ? ያ ጅብራ የኔ ነው፤ ከጣርማ በር ነቅዬ የተከልኩት እኔ ነኝ። ይህች ሴት ጅብራን በዕድሜዋ አይታ አታውቅም፤ ከኔ አፍ ነው የወሰደችው። ጫፉን አላየችም ማለት ነው። አልወጣችም! ደስታዬን ምን ብዬ ልንገራችሁ፤ ማድቤቱ ውስጥ ብቻዬን አጨበጨብኩ። አደይ ያን ምሽት ዝም አሉ፤ «መነኩሴው» እንኳ አላሉም። ደክሟቸው ነው ብዬ አለፍኩት።

ወዲያው አልተናገርኩም። እንዲህ ያለ ነገር ቶሎ አይባክንም። የወሩ ሃያ አንድ፣ የማርያም ማኅበራችን በእኛ ቤት ነበር። ሴቶቹ ተሰበሰቡ፤ ቄሱ ባርከው ሕምባሻው ተቆረሰ፤ ስዋው፣ ያው ጠላው፣ ተቀዳ። አደይም አልጋቸው ላይ ሆነው እንዲሰሙ መጋረጃው ተገለጠ። ማኅበርተኛው ሁሉ ዋርሳዬን «በጃኺ፣ እባክሽ፣ ስለ ደብረ ሲና ንገሪን» አላት። ከዚህ በፊት የዕለቱን ታሪክ የምነግር እኔ ነበርኩ፤ ማንም ትዝ አላለው። እሷ ጀመረች፤ ጫፉ ላይ ስትደርስ እኔ ስዋ እየቀዳሁ፣ በማር በተለወሰ አንደበት፣ «እኔ የምልሽ፣ ያ ጅብራ ግን ምን ያህል ይረዝማል?» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። «ረጅም ነው» አለች።

«በበረሃ ጅብራ ይበቅላል እንዴ? እኛ አገር እንኳ ብርድ ካልሆነ አይበቅልም።»

አንዷ ማኅበርተኛ «ኧረ ለእግዚአብሔር ምን ይሳነዋል!» አለችና ሴቶቹ «እውነት ነው» ብለው ተቀበሏት። ዋርሳዬ ግን ገብቷታል። ከዚያ በኋላ ጽዋዋን ይዛ መሬት መሬቱን ታይ ነበር።

ሰው ሁሉ ተሸኝቶ ሲያበቃ ብርጭቆ ላጥብ ማድቤት ገባሁ፤ ተከትላኝ ገባች። «ምን አደረግኩሽ?» አለችኝ።

«እኔን ምን አደረግሽኝ! እናትሽን ነው ያታለልሽ። ጫፉ ላይ አልወጣሽም።»

ትክዳለች ብዬ ለጠብ ተዘጋጅቼ ነበር። አልካደችም። ዱካው ላይ ቁጭ አለችና ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። እግሯ ከአውሮፕላኑ ጀምሮ አብጦ ነበር፤ ሌሊት ሊወጡ ሲነሱ ጫማው አልገባ አላት። ግመል አመጡላት፣ ግመሉ ብድግ ሲል ጮኻ ወረደች። ሌሎቹ ሄዱ፤ እሷ ከተራራው ሥር፣ ከገዳሙ ቅጥር ሥር ቀረች። ሊነጋጋ ሲል ቁጥቋጦዋ ከግንቡ በላይ ተንጠልጥላ አየቻት፤ የእናቷን ነጠላ ግንቡ ላይ አስነክታ ሳመችው፤ አለቀሰች። ጠዋት የወጡት ሲወርዱ ፊታቸው እንዴት ያበራ ነበር! ላያቸው አልቻለችም።

«ቀናሁ» አለችኝ፤ እንዲህ በቀላሉ። «ጫፉ ላይ ምን አለ ብዬ ጠየቅኳቸው። ድንጋይና ብርድ ነው አሉኝ። አደይን ድንጋይና ብርድ ልበላት? ያንቺ ይበልጣል፤ ያንቺን ነገርኳት።»

ብርጭቆ ማጠቤን ቀጠልኩ። እሷ ግን አልጨረሰችም። «ስንት ዘመን ደጃፉ ላይ ተቀምጬ አዳመጥኩሽ! የገዛ እናቴ እጇን እያወዛወዘች ዝም ስታሰኘኝ። ጨርቅ ነጋዴ ነኝ፣ ምን ወሬ አለኝ? እዚያ የሄድኩት እኮ አንድ ቀን እኔም የምነግራት ነገር እንዲኖረኝ ነው።»

ብርጭቆው እጄ ላይ ቀረ። እኔ በእሷ ስቃጠል እሷ በኔ ስትቃጠል ኖራለች ለካ! ደግሞም በእኔ ከቀናች፣ የሚያስቀና ነገር ነበረኝ ማለት ነው። እግዜር ይይልኝ፣ ትንሽ ደስ አለኝ።

ያኔ ከመጋረጃው ወዲያ «ኑ ሁለታችሁም» የሚል ድምፅ መጣ። ዐይናቸው ፈዘዘ እንጂ የአደይ ጆሮ የድመት ነው።

ገባን። አደይ ትራሳቸውን ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ ያ ነጠላ ጭናቸው ላይ ነው። «ጅብራ ያለው ጣርማ በር ነው» አሉ በአማርኛ። «ከደሴ አዲስ አበባ ስንወርድ አይቼዋለሁ። ይህች ልጅ ደብረ ሲና ላይ ጅብራ አየሁ ያለችኝ ዕለት ነው ያወቅኩት። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።» ልጃቸውን አልተቆጡም። ፊታቸውን ወደኔ አዞሩ። «ነጠላዬ ጫፉ አልደረሰም። ታሪኩን የምታውቂው አንቺ ነሽ፤ ንገሪኝ። ስለቴ ደርሷል ወይስ አልደረሰም?»

«አልደረሰም» የምትለው ቃል ምላሴ ላይ ነበረች፤ ጣዕሟ እንኳ ይሰማኝ ነበር። አንዲት ቃል ብቻ፣ ከዚያ ተራራው ተመልሶ የኔ ይሆናል። ዋርሳዬ በሩ ላይ እንደ ጅብራ ተገትራለች። የአደይ ጣቶች ግን የነጠላውን ጥለት ያፍተለትላሉ። በእነዚያ ጣቶች ላይ መጨከን አቃተኝ። ንዴቴ ግን አልበረደም፤ በዚያው ንዴት ነው የተናገርኩት።

«አደይ፣ ድሮ በባጃጅ በማርያም ደጅ ሲያልፉ ምን ያደርጉ ነበር?»

«እሳለማለሁ እንጂ ምን አደርጋለሁ!»

«ከባጃጁ ይወርዱ ነበር?»

«በዚህ ጉልበቴ?»

«ታዲያ ቤት ሲገቡ ‹ማርያምን ተሳልሜ መጣሁ› ነበር የሚሉን። መቅደስ ገብተው ያውቃሉ? ታቦቱን ነክተው ያውቃሉ? ደጁን የሳመ ተሳልሟል ብለን አይደል እንዴ ስንኖር የኖርነው! ያ ሁሉ ሕዝብ እኮ ከሥር ነው የቆመው፤ ወሰን ተበጅቶ፣ አትለፉ ተብሎ። ደግሞስ እርስዎ የተሳሉት ለማን ነው? ለቁጥቋጦዋ፣ ለእመቤታችን። እሷ ያለችው ጫፉ ላይ አይደለም፤ ከሥር ነው። ሙሴ ጫማህን አውልቅ የተባለው እዚያው ከሥር ነው!»

ይህን ሁሉ የተናገርኩት እየጮህኩ ነው። አደይ ወደ በሩ ዞረው ልጃቸውን «ጫማሽን አውልቀሽ ነበር?» አሏት።

«እግሬ አብጦ ጫማው መቼ ገባልኝ፣ አደይ» አለች ዋርሳዬ። «ባዶ እግሬን ነበርኩ። ለዚህም አይደል የቀረሁት።»

አደይ ነጠላውን ፊታቸው ላይ አደረጉና ሳሙት። እልል አሉ፤ ድምፃቸው ደካማ ነው፣ ግን እልል አሉ። ከዚያ «እግርሽን አምጪ» አሏት። ዋርሳዬ አሁን ወደኋላ አላለችም። አልጋው ላይ ወጥታ ተቀመጠች፤ አደይም እግሯን እንደገና ሳሙት፤ ግራውንም ቀኙንም። እኔስ? አፌ እስኪደርቅ የተሟገትኩት እኔ ነኝ፣ የተሳመው እግር አሁንም የእሷ ነው! መልሶ ነደደኝ። ብርጭቆውን አጥቤ ልጨርስ ብዬ ወደ ማድቤት ዞርኩ።

«ወዴት?» አሉኝ አደይ።

«ዕቃ አለብኝ።»

«ዕቃው ይቆይ። ጓለይ ከሥር አድርሳኛለች፤ እግዜር ይስጣት። ከዚህ በላይ እሷ አትችልም።» ነጠላቸውን እንደ ድሮው ሰብሰብ አደረጉት፤ እጃቸውንም አልጋው ጫፍ ላይ፣ ቦታዬ ላይ መታ መታ አደረጉ። «በይ አንቺ ውሰጂኝ።»

ተቀመጥኩ። «ጅብራውን ላውጣው፣ አደይ? እዚያ እኮ የለም» አልኳቸው።

«ምን በደለሽ? ይቁም እንጂ። ስንት ዘመን ያንቺን ተራራ ስወጣ የኖርኩ ሰው አሁን ምን ላድርግ?»

ዋርሳዬ ባዶ እግሯን ሰብስባ፣ በደጃፉ ፈንታ እናቷ አጠገብ ሆና ለማዳመጥ ተመቻቸች። እኔም ሙሴ የአማቱን በግ ሲጠብቅ ጀመርኩ።